በአንዱ ኤርፖርት ወርዶ ከሌላው መነሳት፦ የመሀሉን ወጪ ትኬት ከመቁረጥ በፊት እንዴት እናስላ?

ርካሽ ትኬት ስንፈልግ ዓይናችን መጀመሪያ የሚያርፈው ዋጋው ላይ ነው። ከዚያ ሰዓቱን እናያለን። መሀል ላይ «ለንደን» ይደርሳል፣ ከ«ለንደን» ይነሳል ከተባለ፣ አውሮፕላን ብቻ ቀይረን የምንቀጥል ይመስለናል። እንዲህ ማሰብ አያስወቅስም። ከአዲስ አበባ ለሚነሳ ሰው ኤርፖርት ማለት ቦሌ ነው። ከአገር ውስጥ በረራ ወደ ውጭ በረራ ለመቀየርም ከተማ አቋርጦ መሄድ የለም። ለንደን ግን ስሟን የያዙ 6 ኤርፖርቶች አሏት። በአንዱ ወርዶ ከሌላው ለመነሳት ቪዛ፣ ሻንጣ መጎተት፣ የአውቶቡስ ወይም የታክሲ ሂሳብ፣ አንዳንዴም የሆቴል አዳር ይከተላል። አንዳቸውም ትኬቱ ዋጋ ውስጥ የሉም።

እነዚህን ወጪዎች ከመክፈላችሁ በፊት ማስላት ይቻላል፤ ቅደም ተከተሉን ከታች አስቀምጫለሁ። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ለያዘ ሰው ትልቁ ጣጣ ታክሲው ሳይሆን ቪዛው ስለሆነ እሱ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ።

1. የከተማውን ስም ተዉትና የኤርፖርቱን ስም አንብቡ

እያንዳንዱ ኤርፖርት ባለሦስት ፊደል መለያ አለው። የሚሰጠው ዓለም አቀፉ የአየር ትራንስፖርት ማኅበር፣ አያታ ነው። ትልልቅ ከተሞች ደግሞ ለሁሉም ኤርፖርቶቻቸው የጋራ የሆነ ሌላ መለያ አላቸው። ግራ መጋባቱ የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው። «ኒውዮርክ» ብላችሁ ስትፈልጉ ድረ ገጹ የኬኔዲን፣ የላጓርዲያንና የኒዋርክን በረራዎች ቀላቅሎ ርካሹን ጥንድ ያቀርብላችኋል። ኒዋርክ የሚገኘው በሌላ ስቴት፣ በኒው ጀርዚ፣ መሆኑ ለእሱ ጉዳዩ አይደለም።

ስለዚህ የበረራውን ዝርዝር ክፈቱ። የመጀመሪያው በረራ የሚያርፍበትን ሦስት ፊደል ወረቀት ላይ ጻፉ። ከሥሩ ሁለተኛው በረራ የሚነሳበትን ጻፉ። አንድ ፊደል እንኳ ከተለያየ ኤርፖርት መቀየር አለ ማለት ነው። ብዙ ድረ ገጾች ይህን የሚያሳውቁት በትንሽ ጽሑፍ፣ ከሰዓቱ ሥር ነው። በስልክ ስትፈልጉ ደግሞ ዝርዝሩን ካልነካችሁት ጭራሽ ላይታይ ይችላል።

ስማቸው የሚያሳስት ኤርፖርቶችም አሉ። ፍራንክፈርት ሃን ከፍራንክፈርት ከተማ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ስቶክሆልም ስካቭስታ ከስቶክሆልም 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ፓሪስ ቦቬ ከፓሪስ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ። ርካሽ አየር መንገዶች እንዲህ ያሉትን ይወዳሉ፤ የማረፊያ ክፍያቸው ዝቅ ያለ ነውና። ከአዲስ አበባ የሚሄደው በረራ ደግሞ የሚያርፈው በዋናዎቹ፣ በፍራንክፈርት ማይን፣ በአርላንዳና በሻርል ደ ጎል ነው።

2. ትኬቱ አንድ ነው ወይስ ሁለት?

ሁለቱ በረራዎች በአንድ የማስያዣ ቁጥር ከተቆረጡ የመጀመሪያው ቢዘገይና ሁለተኛው ቢያመልጣችሁ፣ በሌላ በረራ የማሳፈር ኃላፊነቱ የአየር መንገዱ ነው። ሁለት ቁጥር ካላቸው ግን ሁለተኛው አየር መንገድ ስለ መጀመሪያው ምንም አያውቅም። ለእሱ እናንተ በሰዓቱ ያልመጣችሁ መንገደኛ ናችሁ። ትኬቱ ይቃጠላል፤ አዲሱን የምትገዙት ደግሞ በዚያው ቀን ዋጋ ነው።

አንዳንድ የትኬት ድረ ገጾች ሁለት የማይተዋወቁ አየር መንገዶችን ሰፍተው እንደ አንድ ጉዞ ይሸጣሉ። «ሰልፍ ትራንስፈር» የሚል ካያችሁ ያ ነው። «የኮኔክሽን ዋስትና» የሚል ተጨማሪ ክፍያ ቢያቀርቡላችሁ ምን እንደሚሸፍን አንብቡ። ቪዛ ስለሌላችሁ ለሚያመልጣችሁ በረራ የሚከፍል መኖሩን በተለይ ፈትሹ።

ከትኬት ቢሮ የምትቆርጡ ከሆነ ሦስት ጥያቄ ጠይቁ። «የማስያዣ ቁጥሩ አንድ ነው?» «ሻንጣዬ ቦሌ ከተረከቡኝ እስከ መጨረሻው ይሄዳል?» «መሀል ላይ ኤርፖርት እቀይራለሁ?» መልሱን በቴሌግራም ወይም በኢሜይል በጽሑፍ ይላኩላችሁ። ጥሩ የጉዞ ወኪል በዚህ ቅር አይለውም።

3. ቪዛ፦ ከሁሉ በፊት የሚፈተሸው

ትራንዚት ላይ መቆየትና ኤርፖርት መቀየር በሕግ ዓይን የተለያዩ ናቸው። ኤርፖርት ከቀየራችሁ ኢሚግሬሽን አልፋችሁ አገሩ ገባችሁ ማለት ነው። ለ3 ሰዓት ይሁን ለ30 ደቂቃ ልዩነት የለውም።

እንግሊዝን እንውሰድ። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ከለንደኑ ሂትሮው ኤርፖርት ሳይወጣ አውሮፕላን ለመቀየርም ቢሆን፣ ነጻ የሚያደርገው ሌላ ሰነድ ከሌለው፣ የኤርፖርት ውስጥ ትራንዚት ቪዛ ያስፈልገዋል። ያ ቪዛ ግን ከሂትሮው አያስወጣም። ወደ ሌሎቹ የለንደን ኤርፖርቶች፣ ወደ ጋትዊክ ወይም ወደ ስታንስቴድ፣ ለመሻገር ድንበር ማለፍን የሚፈቅደውና እስከ 48 ሰዓት የሚያገለግለው ሌላኛው የትራንዚት ቪዛ ነው የሚፈለገው። ዋጋውም ከፍ ይላል። የአሜሪካ ወይም የካናዳ ቪዛ፣ ወይም የመኖሪያ ፈቃድ ያላቸው ሰዎች ያለ ቪዛ የሚያልፉበት ሁኔታ አለ። ሆኖም የጉዞው አቅጣጫና የሰነዱ ዓይነት ይወስነዋል። በእንግሊዝ መንግሥት ድረ ገጽ ላይ ፓስፖርቱንና ጉዞውን አስገብቶ የሚፈትሽ መጠይቅ ስላለ እሱን ሙሉ።

ሸንገን፣ ማለትም በአንድ የጋራ ቪዛ የሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች፣ ላይ ያለው ወጥመድ ከዚህ የባሰ ነው፤ ብዙ የዲያስፖራ ወገኖቻችንንም ይነካል። ኢትዮጵያና ኤርትራ፣ ዜጎቻቸው የኤርፖርት ትራንዚት ቪዛ እንዲይዙ የአውሮፓ ኅብረት በጋራ በሚጠይቃቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ናቸው። የአሜሪካ ግሪን ካርድ ያለው ሰው ከዚህ ቪዛ ነጻ ይሆናል። ስለዚህ ግሪን ካርድና የኢትዮጵያ ፓስፖርት ይዞ በሻርል ደ ጎል ብዙ ጊዜ ያለ ችግር ያለፈ ሰው ፓሪስ ቪዛ አትጠይቀኝም ብሎ ቢያምን አይገርምም። ነጻ የሆነው ግን ከትራንዚት ክልሉ ሳይወጣ ብቻ ነው። ቀጣዩ በረራ ከሌላው የፓሪስ ኤርፖርት፣ ከኦርሊ፣ ከሆነ አጭር ቆይታ የሸንገን ቪዛ ያስፈልገዋል። የማመልከቻው ክፍያ እ.ኤ.አ. ከጁን 2024 ጀምሮ 90 ዩሮ ነው። የቀጠሮው ጥበቃና የአገልግሎት ክፍያው ከዚያ ውጭ ነው። ለሁለት ሰዓት መንገድ ይህን ሁሉ ማለት ነው። እኔ ብሆን ትኬቱን እተወዋለሁ።

ሌሎቹን ባጭሩ ልለፍ። ኢስታንቡል ላይ ከአውሮፓው ወገን ኤርፖርት በእስያው ወገን ወዳለው ሳቢሃ ጎክቸን ለመሻገር የቱርክ ቪዛ ይጠየቃል። ዱባይ፣ ሻርጃና አቡ ዳቢ መካከል ለመሻገር የኤምሬቶች ቪዛ ያስፈልጋል። የ48 ሰዓቱ ትራንዚት ቪዛ ክፍያ የለውም፤ የ96 ሰዓቱ 50 ድርሃም ነው። ሁለቱም የሚጠየቁት ቀደም ብሎ፣ መቀመጫቸው እዚያው አገር በሆነ አየር መንገዶች በኩል ነው። መጠየቅ ይቻላል ማለት ግን ይፈቀዳል ማለት አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ሁሉም መንገደኛ በመጀመሪያ ባረፈበት ኤርፖርት ኢሚግሬሽን ያልፋል፤ ስለዚህ ኤርፖርት መቀየሩ የተለየ ቪዛ አይጨምርባችሁም። ናይሮቢም ለእኛ ቀላል ነው፤ ቪዛ አንጠየቅም። ወደ ማሳይ ማራ የሚሄዱ ትንንሽ አውሮፕላኖች የሚነሱት ከዊልሰን ኤርፖርት መሆኑን ብቻ አስታውሱ፤ ከአዲስ አበባ የምታርፉት ግን በጆሞ ኬንያታ ነው።

የቪዛ ችግር መሀል ከተማ ላይ ብቻ የሚገጥም እንዳይመስላችሁ። ቦሌ ቼክ-ኢን ላይ ሰነዳችሁን የሚያየው ሠራተኛ ወደ መሀሉ አገር መግባት እንደማትችሉ ካየ አያሳፍራችሁም። ጉዞው ሳይጀመር ያበቃል፤ ሁለተኛውም ትኬት አብሮ ይቃጠላል።

4. ሻንጣ

ኤርፖርት ከተቀየረ ሻንጣ በራሱ አይሻገርም። ትኬቱ አንድ ቢሆንም እንኳ አብዛኛውን ጊዜ እናንተው ተቀብላችሁ፣ ጎትታችሁ፣ እንደገና ታስረክባላችሁ።

ትኬቶቹ ሁለት ከሆኑ ደግሞ የኪሎ መብቱ ይለያያል። ከአዲስ አበባ ወደ አሜሪካ 23 ኪሎ የሆነ ሁለት ሻንጣ ይዘን መሄድ ለምደናል። በርበሬው፣ ሽሮው፣ ቡናው የሚገባው እዚያ ውስጥ ነው። በሁለተኛው ትኬት ግን በዋጋው የተካተተው ትንሽ የእጅ ቦርሳ ብቻ ሊሆን ይችላል። ለዋሽንግተን ቅርብ በሆነችው ባልቲሞር ላይ ብዙ በረራ ያለው የአሜሪካው አየር መንገድ ሳውዝዌስት ለረጅም ዘመን ሁለት ሻንጣ በነጻ በመውሰድ ይታወቅ ነበር። እ.ኤ.አ. ከሜይ 28 ቀን 2025 ጀምሮ ለተቆረጡ ትኬቶች ግን ያ ቀርቷል። ለመጀመሪያው 35፣ ለሁለተኛው 45 ዶላር ነበር ሲጀመር ያወጣው ዋጋ። የድሮውን የሚያስታውስ ዘመድ «ሳውዝዌስት ነጻ ነው» ቢላችሁ እንደገና አጣሩ።

አንድ ትንሽ ነገር ልጨምር። የአሜሪካ የአገር ውስጥ በረራዎች ጣሪያ 50 ፓውንድ ነው። 23 ኪሎ ከ50 ፓውንድ ትንሽ ያልፋል። ለዚህች ልዩነት የትርፍ ኪሎ ክፍያ ውስጥ እንዳትገቡ ሻንጣውን ቤት 22 ኪሎ ላይ አቁሙት።

በአንድ ትኬት፣ ለምሳሌ በኢትዮጵያ አየር መንገድና በዩናይትድ ጥምረት፣ በዋሽንግተኑ ደለስ ኤርፖርት በኩል ብትቀጥሉ ሁኔታው ሌላ ነው። ሻንጣውን ከኢሚግሬሽን በኋላ ታነሱታላችሁ፣ ጉምሩክ ታልፋላችሁ፣ እዚያው አጠገብ ላለው የትራንስፈር ቦታ ታስረክባላችሁ። ከቦሌ የጀመረው የሻንጣ መብትም እስከ መጨረሻው ይቀጥላል።

5. መንገዱን በራሳችሁ ካርታ ፈትሹ

ካርታ ክፈቱና መነሻውን የመጀመሪያውን ኤርፖርት፣ መድረሻውን ሁለተኛውን አድርጉ። ሰዓቱን ደግሞ እናንተ የምትደርሱበት ቀንና ሰዓት ላይ አስተካክሉት። ይህ ወሳኝ ነው። ካርታው አሁን የሚያሳየው መንገድ በሌሊት ላይኖር ይችላል።

ለንደን ላይ ከሂትሮው ጋትዊክ በመኪና 65 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስታንስቴድ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ይሆናል። በሂትሮውና በሌሎቹ መካከል ናሽናል ኤክስፕረስ የሚባለው አውቶቡስ አለ። ሻንጣ ለበዛበት ሰው ከባቡር እሱ ይሻላል፤ ሻንጣው ሆዱ ውስጥ ይገባል፣ መሀል ላይም ደረጃ አይወጣም። ቀደም ብለው ሲቆርጡት ይረክሳል። በባቡር ከሆነ ኤሊዛቤት መስመር ከሂትሮው ይነሳል። ለጋትዊክና ለሉተን ፋሪንግደን ላይ፣ ለስታንስቴድ ሊቨርፑል ስትሪት ላይ ትቀይራላችሁ። የለንደን የከተማ አውቶቡሶች ጥሬ ገንዘብ እንደማይቀበሉም እወቁ። እዚያ የሚሠራ ካርድ ሳይዙ መድረስ ያስቸግራል።

ዋሽንግተን ለእኛ ሰው ሁለተኛ ከተማው ስለሆነች በደንብ እንያት። ከአዲስ አበባ የሚመጣው የሚያርፈው ደለስ ነው። ሬገን ኤርፖርት ከፖቶማክ ወንዝ ዳር፣ ለከተማው ቅርብ ነው። ከኖቬምበር 2022 ጀምሮ ሲልቨር መስመር ሜትሮ ደለስ ድረስ ይገባል። ሮዝሊን ላይ ወደ ብሉ መስመር ቀይራችሁ ሬገን ትወርዳላችሁ። ከታክሲ ጋር ሲተያይ ዋጋው በጣም ትንሽ ነው። ባልቲሞር ግን ሌላ ታሪክ ነው። ከደለስ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። በሕዝብ ትራንስፖርት ሜትሮ፣ ከዚያ ባቡር፣ ከዚያ ከባቡር ጣቢያው ወደ ተርሚናሉ የሚወስደውን ነጻ አውቶቡስ መያዝ አለባችሁ። ሁለት ትልልቅ ሻንጣ ይዞ ይህን መሞከር አልመክርም። ዘመድ መጥቶ ቢወስዳችሁ እንኳ ለእሱ የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

ኒውዮርክ ላይ አንድ ነገር ብቻ። ከኬኔዲ ማንሃታን የሚወስደው ቢጫ ታክሲ የተወሰነ ዋጋ አለው። ያ ዋጋ ግን ኒዋርክ ድረስ አይሠራም። ወደ ኒዋርክ በቆጣሪ ነው፤ በላዩ ላይ ተጨማሪ ክፍያና የመንገድ ቀረጥ ይመጣል።

ኢስታንቡል ላይ ሁለቱ ኤርፖርቶች በሁለት አህጉር ናቸው። መሀላቸው ቦስፎረስ አለ፣ የድልድዮቹ መጨናነቅም የታወቀ ነው። ሁለቱም አሁን ሜትሮ አላቸው፣ ግን መስመር መቀያየር አለው። በዱባይና በሻርጃ መካከል ያለው መንገድ በካርታ አጭር ነው፤ በሥራ መውጫ ሰዓት ግን ሰውን ያሰለቸ መንገድ ነው። ዱባይ ኤርፖርት ውስጥ እንኳ ተርሚናል 2 ከሌሎቹ ተለይቶ ከአውሮፕላን መንደርደሪያው ማዶ ነው። ስለዚህ የኤርፖርቱ ፊደል አንድ ሆኖም የተርሚናሉን ቁጥር ተመልከቱ።

ሲያሰሉ ሰው ቁጠሩ። አውቶቡስና ባቡር በነፍስ ወከፍ ያስከፍላሉ፤ መኪና በአንድ ጉዞ። ለብቻው ለሚሄድ አውቶቡስ ይረክሳል። ለአራት ሰው ቤተሰብ ግን ቀድሞ የተያዘ መኪና ሊያዋጣ ይችላል።

6. ሰዓቱ ይበቃል?

ከኋላ ወደ ፊት ቁጠሩ። ሁለተኛው በረራ የሻንጣ መረከቢያ የሚዘጋው ስንት ሰዓት ነው? ከዚያ ላይ መንገዱን ቀንሱ፤ በካርታው ላይ ከሚታየው ግማሽ ያህል ጨምሩበት። ከዚያ ለኢሚግሬሽንና ለሻንጣ ሁለት ሰዓት ቀንሱ። የቀረው ከማረፊያ ሰዓታችሁ በፊት ከወደቀ ትኬቱን አትግዙ። ለንደንና ኒውዮርክ ላይ ከ6 ሰዓት በታች የሆነ የኤርፖርት ቅያሪ እኔ አላምነውም።

ትኬት ላይ የሚጻፈው ሰዓት የፈረንጅ መሆኑን አትርሱ። 23:30 ማለት ከምሽቱ 5፡30 ነው፤ 06:40 ማለት ከንጋቱ 12፡40። በመሀል 7 ሰዓት አለ። የሚበቃ ይመስላል። ግን ጠቅላላው ሌሊት ነው፤ ሜትሮው ቆሟል፣ ምርጫው ታክሲ ወይም ሆቴል ነው። አንዳንድ ኤርፖርቶች ደግሞ ሌሊት መንገደኛ አያሳድሩም። እንዲህ ያለ ትኬት ሲገጥማችሁ የአዳሩን ዋጋ አብራችሁ ደምሩ።

7. ሂሳቡ

አሁን ወረቀቱን አውጡ። እንበልና አንዲት እናት ከአዲስ አበባ ሚኒያፖሊስ ልጆቿ ጋ ትሄዳለች። በአንድ ትኬት በደለስ በኩል ያለው ከሁለት ትኬቱ በ180 ዶላር ይበልጣል። ርካሹ ደለስ አውርዶ ከባልቲሞር ያስነሳታል። የሁለት ሻንጣ 80 ዶላር ደምሩ። የመኪናውን 110 እንበለው። 190 ሆነ። ገና ምግብ አልተበላም፣ ስልኳም የአሜሪካ ሲም የለውም። ርካሽ የነበረው ከወዲሁ በ10 ዶላር ተወደደ። በረራው ቢያመልጣት የሚገዛው አዲስ ትኬት ደግሞ ከዚህ ሁሉ ውጭ ነው።

በናንተ ጉዞ ቁጥሮቹ ሌላ ይሆናሉ። የምትደምሩት ግን ያው ነው፤ ቪዛ፣ ሻንጣ፣ መንገድ፣ አዳር። ድምሩን አግኝታችሁም ከቁጠባው ያነሰ ከሆነና ወጣት፣ ሻንጣ የቀለለው፣ ቪዛ ያለው ሰው ከሆናችሁ ግዙት። ኤርፖርት መቀየር ሁልጊዜ መጥፎ አይደለም። ከሂትሮው ጋትዊክ ተሻግሮ በርካሽ የሚሄድ ሰው ብዙ ነው።

ለወላጅ ግን አይሆንም። እናትና አባቶቻችን ብቻቸውን ሲጓዙ ብዙ ጊዜ ዊልቸር እንጠይቅላቸዋለን። እግራቸው ደህና ቢሆንም የሚመራቸው ሰው እንዲያገኙ ብለን ነው። ያ አገልግሎት የኤርፖርቱ በር ላይ ያበቃል። ከበሩ እስከ ሌላው ኤርፖርት ማንም አይወስዳቸውም። እዚያ የሚቀበላቸው ሰው ከሌለ ቁጠባው ምንም ያህል ቢሆን አትግዙላቸው።

8. ትኬቱ ተቆርጦ ከሆነስ?

መጀመሪያ የቆረጣችሁበትን ሰዓት እዩ። ወደ አሜሪካ ወይም ከአሜሪካ ለሚደረግ በረራ ከአየር መንገዱ በቀጥታ ከገዛችሁና ጉዞው 7 ቀን ወይም ከዚያ በላይ ከቀረው፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ያለ ቅጣት የመሰረዝ መብት የአሜሪካ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ደንብ ይሰጣችኋል፤ አየር መንገዱ በምትኩ ሳትከፍሉ ለ24 ሰዓት ዋጋውን ካላቆየላችሁ በስተቀር። በወኪል ከተቆረጠ ይህ ደንብ አይገዛውም፤ ስለዚህ ወኪሉን ቶሎ ጠይቁ።

ኤርፖርቱን የቀየረው አየር መንገዱ ከሆነ ነገሩ ይለያል። በአሜሪካ ደንብ፣ እ.ኤ.አ. በ2024 ከወጣው ማሻሻያ ወዲህ፣ የመነሻ ወይም የመድረሻ ኤርፖርት መቀየር እንደ ትልቅ ለውጥ ይቆጠራል። አልቀበልም ብላችሁ ካልተጓዛችሁ ገንዘባችሁ ይመለሳል። ቫውቸር ቢያቀርቡላችሁ ገንዘብ መጠየቅ ትችላላችሁ። በአውሮፓ ኅብረት ደግሞ 261/2004 የሚባለው ደንብ አለ። ብዙ ኤርፖርት ባለው ከተማ፣ አየር መንገዱ ከቆረጣችሁት ሌላ ኤርፖርት በሚያርፍ በረራ እንድትሄዱ ካቀረበላችሁ፣ ወደ መጀመሪያው ኤርፖርት ወይም ወደተስማማችሁበት ቅርብ ቦታ የማድረሻውን ወጪ የሚችለው አየር መንገዱ ነው። ደንቡ ከአውሮፓ ኅብረት ለሚነሳ በረራ ሁሉ ይሠራል። ወደዚያ ለሚገባ በረራ የሚሠራው ግን አየር መንገዱ የአውሮፓ ሲሆን ነው።

ይህ ሲገጥማችሁ ሮጣችሁ ታክሲ አትያዙ። መጀመሪያ የአየር መንገዱ ጠረጴዛ ሄዳችሁ መጓጓዣ ጠይቁ። የለም ካሉ የነገሯችሁን ሰዓትና ምክንያት ጻፉ፤ ከቻሉም በጽሑፍ ይስጧችሁ። ከዚያ ቀለል ባለው መንገድ ሂዱና ደረሰኝ ተቀበሉ። የደረሰኙን፣ የሁለቱን ቦርዲንግ ፓስና የመጀመሪያውን ትኬት ፎቶ አንድ ላይ አድርጋችሁ በአየር መንገዱ የቅሬታ ገጽ ላኩ።